ቆሼ አላደርንም

መስከረም 20

የመስቀል እንግዶች ዛሬ ወደየቤታቸው ተመለሱ። ቤቱ ጭር አለ። አምስት ቀን ሙሉ ክትፎ ስበላ ከርሜ ዛሬ ሽሮ ሳይ ደስ አለኝ… ለሰው አይነገርም።

አረቅጥ እንደ ልማዷ ትበርዳለች። ልብስ ላጥብ ወጥቼ ውሃው እጄን ሲያደነዝዘው ትቼው ገባሁ። ቆላ ማረቆ ቆሼ ተወልጄ አድጌ፣ ይህችን ደጋ አሥራ አንድ ዓመት ኖሬባት አልለመድኳትም። ባሌ ሰይፉ ይስቅብኛል። "የቆሼ ሰው ፀሐይ ካላቃጠለው የታመመ ይመስለዋል" ይላል። እሱ ወደ እንጨት ሥራው ገብቷል። ለመስቀል አደርሳለሁ ብሎ ቃል የገባው ቁም ሳጥን እስካሁን በር የለውም። ልጃችን አምሀ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ፍቅፋቂ ይለቅማል።

ወንድሜ ኢስሀቅ ከቆሼ ደወለ። አባባ እህል መቅመስ ትቷል። "ያን ልጅ ሳላየው ልሄድ ነው?" ብሎ ጠየቀ አለኝ። አምሀ ስድስት ዓመት ሞልቶታል። አያቱ አንድም ቀን አላየውም።

ለአማቴ ነገርኳቸው። እማማ ውድነሽ ረጋ ብለው ሰሙኝ።

"ሂጂ ልጄ። ከመስቀል በኋላ ወላጅ መጠየቅ ወግ ነው። ልጁ ግን ቆሼ አያድርም።"

"ሁለት ቀን ብቻ ነው እኮ እማማ።"

"የኔም ልጅ ያደረው ሁለት ቀን ብቻ ነበር።"

የሰይፉ ታላቅ ወንድም በርበሬ ሊገዛ ማረቆ ወርዶ፣ ተመልሶ እዚሁ ቤት በወባ ሞተ። ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው። ዛሬም ነገሩ ሲነሳ ሰው ድምፁን ይቀንሳል። ሰይፉም የእናቱን ቃል አይሽርም። "ቡታጅራ ኤደን ጋ ይዘሽው ሂጂ፣ አባትሽን እዚያ ያምጧቸው" አለኝ። ኤደን ታናሽ እህቴ ናት። አባባ ግን ከአልጋው እስከ ደጃፉ እንኳ በሰው ተደግፎ ነው። ይህን ለሰይፉ ነግሬዋለሁ። ሰምቶኛል?

መስከረም 23

ቡታጅራ፣ ኤደን ቤት። አምሀ ባጃጅ ሲያይ ዋለ። ሰማያዊዎቹን ብቻ እየቆጠረ ሠላሳ ላይ ሲደርስ ተምታታበት፣ እንደገና ጀመረ።

ኤደን "ቆሼ እኮ እዚችው ናት። ማን ያያችኋል?" አለች። ተቆጣኋት። ከዚያ ግን ነገሩ ከሐሳቤ አልወጣ አለ።

ልጅ ሆኜ ስንቴ ወባ ያዘኝ? አሥር? አሥራ አምስት? ሁለት ቀን ተኝቼ በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ነበርኩ። አምሀ ልጄ ነው። የቆሼ ደም አለው። ሁለት ሦስት ቀን ምን ያደርገዋል?

መስከረም 24

ቆሼ ነን።

አባባ ዓይኑ ብዙም አያይም። አምሀን ወደ ራሱ ስቦ ፀጉሩን ዳበሰው፣ አፍንጫውን ዳበሰው፣ ጆሮው ላይ ሲደርስ ቆመ። "ይሄ የኔ ጆሮ ነው" አለ። እውነቱን ነው፣ ትልቅ ነው። ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ ወጥቼ አለቀስኩ።

አባባ ግማሽ ሳህን ገንፎ በላ። ከሳምንት ወዲህ የመጀመሪያው ነው አሉ። መምጣቴ ትክክል ነበር። ኋላ ብፈራ እንዳነበው ብዬ ነው የጻፍኩት።

መስከረም 25

የኢስሀቅ ልጅ ማርታ ባለፈው ሳምንት ወባ ይዟት ነበር። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አሥራ አራት ቀን የሚዋጥ ክኒን ተሰጥቷት በአምስተኛው ቀን ተዋችው። ዛሬ ገመድ ስትዘል ዋለች። አምሀ ከሷ አይለይም፣ የሚተኛውም አብሯት ነው።

አጎበር ጠየቅኩ። አንዱ የአባባ አልጋ ላይ ነው። ሌላው ለጫጩቶች አጥር ሆኗል። እኔ የአራተኛ ክፍል የሳይንስ አስተማሪዋ፣ አጎበር ለመኝታ ብቻ ነው እያልኩ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው፣ ጫጩቶቹን አይቼ ሳቅኩ።

መስከረም 27

ተመለስን። አባባን ስሰናበተው እጄን ቶሎ አልለቀቀኝም።

ኢስሀቅ ከማርታ የተረፈውን ክኒን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። "ያዢው፣ እዚያ ደጋ የወባ መድኃኒት ማን ይሰጥሻል" አለ። ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ሚኒባስ ውስጥ አምሀን አስጠናሁት።

"እማማ ውድነሽ ቢጠይቁህ ምን ትላለህ?"

"ኤደን ቤት ነበርን።"

"ቆሼስ?"

"ቆሼ አላደርንም።"

ሦስቴ አስደገምኩት፣ ልክ ፊደል እንደማስቆጥረው። በሦስተኛው "አያቴንም አላየሁም ልበል?" አለኝ። "እሱ የሁለታችን ምስጢር ነው" አልኩት። ደስ አለው። ምስጢር የሚይዘው ትልቅ ሰው ብቻ ይመስለዋል።

ጥቅምት 3

ትምህርት በደንብ ተጀመረ። ስድሳ ሁለት ተማሪ፣ አሥራ አራት መጽሐፍ። ደህና ነን።

ጥቅምት 8

አምሀ ከትምህርት ቤት በሰው ታቅፎ መጣ። ራሴን አለ። ይንቀጠቀጣል። ብርዱ ይሆናል፣ እዚህ አገር የማይንቀጠቀጥ ማን አለ…

ቀኑን ቆጠርኩ። ከቆሼ ከወጣን አሥራ አንድ ቀን። በጣቴ ደግሜ ቆጠርኩ። አሥራ አንድ።

ጥቅምት 9

ሰፈር ያለችው ክሊኒክ ወሰድነው። እማማ ውድነሽ አብረውን መጡ፣ ቤት ይቆዩ ብል እሺ አላሉም። ነርሷ ሰልሚያ ትባላለች፣ ቀልጣፋ ልጅ ናት። ለክታ ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ አምስት አለች።

"ሰሞኑን ቆላ ወርዶ ነበር?"

አፌን ሳልከፍት አምሀ መለሰላት። ዓይኑ በትኩሳት ቀልቷል፣ ከንፈሩ ደርቋል። "ኤደን ቤት ነበርን። ቆሼ አላደርንም።"

ሰልሚያ ወደ እኔ ዞረች። እማማ ውድነሽም አዩኝ። "ቡታጅራ፣ እህቴ ጋ ነበርን" አልኩ። ውሸት ነው? ቡታጅራማ ነበርን…

ጉሮሮውን አየች፣ ቀላ ብሏል አለች። ሽሮፕ ሰጠችን። "ካልወረደለት ነገውኑ አምጡት" አለች። የምትችለውን ሁሉ አደረገች። የጠየቀችው ትክክለኛውን ጥያቄ ነው።

ጥቅምት 10

አልወረደለትም። መልሼ አልወሰድኩትም። ብወስደው እንደገና ትጠይቀኛለች።

የማርታን ክኒን አወጣሁ። እሷ አንድ ነው የምትውጠው። ለሱ ግማሽ ይበቃዋል? ልከፍለው ስሞክር ክኒኑ ተፈረፈረ። አንድ ሙሉ ሰጠሁት፣ በማር አሽቼ። ማንም አላየኝም። ከዳነ ማንም ሳያውቅ ያልፋል። አባባ አይቶታል፣ ልጁም ደህና ይሆናል፣ እማማም በሰላም ያድራሉ። ሌላ ምን ፈለግኩ?

ጌታ ሆይ፣ ይህችን ብቻ አሳልፍልኝ።

ጥቅምት 11

ዛሬም ሰጠሁት። ትኩሳቱ ትንሽ በረድ ያለለት መሰለኝ። ሁለት ማንኪያ የቡላ ገንፎ ቀመሰ። ሰይፉ ትንሽ መኪና ጠርቦለት ትራሱ ሥር አስቀመጠለት። "ነገ ይነዳታል" አለ።

እኔም አመንኩ።

ጥቅምት 12

ወልቂጤ፣ ሆስፒታል ውስጥ ነኝ። የምጽፈው እጄ ሥራ ካላገኘ ስለማብድ ነው።

ጠዋት ሽንቱን ልቀበለው ፖፖ ሳቀርብለት ጥቁር ነገር ወረደ። ልክ ኮካ። መጀመሪያ ዕቃው የቆሸሸ መስሎኝ አጠብኩት። እኔ ዕቃ ሳጥብ እሱ አልጋው ላይ ዓይኑ ተገለበጠ። ጥርሱ ገጠመ። እጅና እግሩ ይርገፈገፋል፣ ስሙን ስጠራው አይሰማም። የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆኗል። ይህን ከትናንት ጀምሮ እንዴት አላየሁም?

ሰይፉ በጋቢ ጠቅልሎት ሮጠ። ሚኒባሱ ተሳፋሪውን አራግፎ ጫነን። እምድብር ስንደርስ ሾፌሩ ነዳጅ ልቅዳ አለ፣ ሰይፉ ጮኸበት። ሰይፉ ሰው ላይ ሲጮኽ ሰምቼ አላውቅም።

ዶክተሩ ፊልጶስ ይባላል። ፀጉሩ ገብስማ ነው፣ ረጋ ብሎ ነው የሚናገረው። የደም ምርመራው ቶሎ ደረሰ።

"ወባ ነው፣ ከባዱ ዓይነት። ብዙ ነው ደሙ ውስጥ። አእምሮው ድረስ ደርሷል። ልጁ የት ነበር?"

ሰይፉ ቀደመኝ። "አረቅጥ ነው የተወለደው። ቆላ ወርዶ አያውቅም" አለ። እርግጠኛ ሆኖ። ለኔ እየተከራከረልኝ።

"ቆሼ" አልኩ። "ሦስት ቀን አድሯል።"

ሰይፉ ዞር ብሎ "ማን?" አለኝ። እውነቱን ነው፣ አልገባውም። ከዚያ ገባው። ወጥቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

"ከክሊኒኩ ሽሮፕ ሌላ መድኃኒት ወስዷል?"

"አልወሰደም" አልኩ።

ለምን? ቆሼን ከተናገርኩ በኋላ ክኒኑ ምን ነበረበት? አንድ ጥፋት ችዬ ሁለተኛው ከበደኝ። ሰይፉ በሩ ላይ ነበር። ይሰማኛል ብዬ…

ጥቅምት 13

ለወባው መርፌ ተጀምሯል፣ ጉሉኮስም ተሰክቷል። አልነቃም። ጉንጩን ስቆነጥጠው ትንሽ ያቃስታል፣ ሌላ የለም።

የደሙ መጠን ግን እየወረደ ነው። ትናንት ሰባት ነበር፣ ዛሬ አራት ነጥብ ሁለት። ዶክተር ፊልጶስ የውጤቱን ወረቀት ደጋግሞ አየ። "ወባውም ደም ያጠፋል፣ ይሄ ግን ፈጠነብኝ" አለ። ከዚያ አጠገቤ ቁጭ አለ። "በቤተሰባችሁ እንዲህ ሽንቱ ጠቁሮ የታመመ ሰው ነበር?"

ሄኖክ።

ታላቅ ወንድሜ ነበር። እሱ አሥራ አንድ፣ እኔ ስምንት ዓመቴ። ወባ ያዘው፣ ጎረቤት ክኒን ሰጠው፣ ሽንቱ ጠቆረ፣ በአራተኛው ቀን ቀበርነው። እናቴ የሰው ዓይን ነው አለች። እኛም የሰው ዓይን ነው ስንል ኖርን። ሃያ አምስት ዓመት!

ቦርሳዬን ከፈትኩ። በወረቀት የተጠቀለለውን ክኒን አውጥቼ ዶክተሩ መዳፍ ላይ አስቀመጥኩለት። ሰይፉ አልጋው ግርጌ ቆሞ ነበር። ሁሉንም አየ።

ዶክተሩ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብሎ አስረዳን።

"ቆላ ያደገ ሰው ከሕፃንነቱ እየታመመ፣ እየዳነ ሰውነቱ ወባን ይለምዳል። ይይዘዋል፣ ግን ቶሎ አይጥለውም። ያ ሰውየው ራሱ ታሞ ያገኘው ነው፣ ለልጁ አያወርሰውም። አምሀ ደጋ ነው ያደገው፣ ሰውነቱ ወባን አያውቀውም። አንቺም ብትሆኚ ከወጣሽ ቆይተሻል፣ ዛሬ ቢይዝሽ እንደ ልጅነትሽ አይሆንልሽም።"

"ክኒኑስ?" አለ ሰይፉ።

"ክኒኑ ጉበት ውስጥ ለተደበቀ ወባ ነው እንጂ ደሙ ውስጥ ያለውን ብቻውን አያጠፋም። ደግሞ አንዳንድ ሰው ደሙ ውስጥ የሚጎድለው ነገር አለ። ደህና ሆኖ ይኖራል፣ አይታወቅበትም። ይህን ክኒን ሲወስድ ግን ቀይ ደሙ ይፈርሳል። ሽንቱ የሚጠቁረው ለዚያ ነው። የልጁም ይሄ ይመስለኛል። ይሄኛው ይወረሳል። እናት ሳትታመምበት ትይዘዋለች፣ ወንድ ልጇ ላይ ይወጣል።"

"ከእናት ብቻ?" አለ ሰይፉ።

"ለወንድ ልጅ፣ አዎ።"

ሰይፉ አላየኝም። እኔ ግን ራሴን አየሁት። ይወርሰዋል ያልኩትን አልወረሰም። እንዳለኝ እንኳ የማላውቀውን ወረሰ። የቆሼ ደም አለው ብዬ ነበር። አለው።

ማታ ላይ ዶክተሩ ሊወጣ ሲል አንድ ነገር ጨመረ። እንዲህ ዓይነት ደም የያዘች ሴት ወባ ብዙ አይጎዳትም የሚሉ ጥናቶች አሉ አለኝ። ሊያጽናናኝ መሰለኝ። እኔን ያሳደገኝ ነገር ነው ልጄን የጣለው? ይህን ይዤ የት ልግባ?

የሰይፉ ደም ገጠመ። ክንዱን ዘርግቶ ሰጠ።

ጥቅምት 14

አልነቃም።

ጥቅምት 15

ዛሬም አልነቃም። ሁለቴ እንደዚያ ቀን አርገፈገፈው። የሰይፉ ደም ጠብ ጠብ ሲል ቁጭ ብዬ አያለሁ። ሽንቱ ነጣ ብሏል ይላሉ። ዓይኑ ግን እንደተከደነ ነው።

መጸለይ አቃተኝ። ምን ብዬ ልጀምር? የሰጠኸኝን ልጅ ውሸት አስጠንቼ፣ ለትንኝ አሳልፌ፣ በማር አሽቼ መርዝ አጉርሼ… አሁን አድንልኝ? ከቤተ ክርስቲያን እህቶች መጥተው ጸለዩለት። አሜን አልኩ። አፌ ነው ያለው።

ሰይፉ ምግብ ያመጣል፣ ያስቀምጣል፣ ይወጣል። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ በአንድ ቃል እንኳ አላናገረኝም። ቢመታኝ… የሚመታ ሰው አይደለም።

አምሀዬ፣ ጌታን በኔ ፋንታ እናቴን ውሰድ በለው። አንተን ይሰማሃል።

ጥቅምት 16

እማማ ውድነሽ መጡ። ሰይፉ ነግሯቸዋል። የልጁን እግር በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ ተቀመጡ። ከዚያ ቀና ሳይሉ ጠየቁኝ።

"ክሊኒኩ ውስጥ ዝም ያልሽው እኔን አይተሽ ነው?"

"አዎ እማማ።"

"ብቻሽን ብትሆኚ ትናገሪ ነበር?"

"እናገር ነበር መሰለኝ።"

"እንዲህ አስፈራሻለሁ?"

ይቅር አላልኩሽም አላሉኝ፣ ይቅር ብዬሻለሁም አላሉ። ነጠላቸውን ደርበውለት የሄዱት የመጨረሻው መኪና ሊያመልጣቸው ሲል ነው። እኔ የፈራሁት ቁጣቸውን ነበር። የነበራቸው ግን ሐዘን ነው።

ጥቅምት 18

ዓይኑን ገለጠ።

አያየኝም። ጣራውን ነው የሚያየው። ግን ገለጠ።

ጥቅምት 22

ውሃ ይውጣል። ስሙን ስጠራው ወደ ድምፄ ይዞራል። ቃል ግን የለም። ቀኝ እጁ አይታዘዝለትም፣ ቀኝ እግሩም ይጎተታል። ዶክተር ፊልጶስ "ልጅ ነው፣ ብዙው ይመለሳል። ሁሉም ይመለሳል ብዬ ግን አልዋሽሽም" አለ። አልዋሽሽም ሲለኝ አፈርኩ።

ከሰዓት ኢስሀቅ ደወለ። አባባ ዛሬ ጠዋት አረፈ።

ቀብሩ ነገ ነው። አልሄድም። አምሀን ትቼ የት እሄዳለሁ? ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሰይፉ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። አልነካኝም፣ ግን ተቀመጠ።

ኅዳር 2

ወጣን። ካርዱ ላይ ዶክተሩ በቀይ እስክሪብቶ የክኒኑን ስም ጽፎ ሥሩ "ፈጽሞ አይውሰድ" ብሎ አሰመረበት። የሰው ደም ስለተሰጠው አሁን ቢመረመር ትክክለኛው አይታወቅም፣ ከሦስት ወር በኋላ አምጪው አለኝ። ለኤደን ደወልኩላት፣ ወንድ ልጅ ከወለደች ታስመርምር። ኢስሀቅንም አንተም ያን ክኒን እንዳትነካ አልኩት። አጎበሩን ከጫጩቶቹ ላይ አንስቶ የማርታ አልጋ ላይ ሰቅሎታል።

ኅዳር 9

አረቅጥ። ብርዱ ያው ነው።

ሰይፉ ለአምሀ ተደግፎ የሚሄድባት ነገር ሠራለት፣ አራት እግር ያላት፣ እጀታዋ በብርጭቆ ወረቀት የለሰለሰ። ግቢውን ሁለቴ ዞረባት። ቃል እያወጣ ነው፣ አንድ አንድ፣ እየጎተተ። ሰይፉ ከልጁ ጋር ያወራል። ከኔ ጋር የሚያስፈልገውን ብቻ። እኔም ከዚያ በላይ አልጠየቅኩትም።

ዛሬ ጎረቤት ለአባባ ለቅሶ ሊደርሰኝ መጣ። ቤቱ ሞላ። አንዷ ሴትዮ፣ በደግ ልብ ነው፣ "ምስኪን፣ ልጁስ አያቱን አይቷቸው ያውቅ ነበር?" አለች።

አምሀ ከጥጉ ቀና ብሎ እኔን አየኝ፣ ከዚያ እማማ ውድነሽን። ከንፈሩ ታገለ።

"ቆሼ… አላደርንም።"

ከነቃ ወዲህ የተናገረው ረጅሙ ነገር ይሄ ነው። ሌላው ሁሉ ጠፍቶበት እኔ ያስጠናሁት ቀርቷል።

ተነሣሁ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት "አድረናል ልጄ" አልኩት። "ቆሼ አድረናል። አያትህን አይተኸዋል። እናትህ ናት የዋሸችው።" ድምፄ እስከ ደጅ ሳይሰማ አልቀረም። ሰይፉ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

እማማ ውድነሽ መሬት ለመሬት ተጠግተውት ፊቱን ወደ ራሳቸው አዞሩት።

"ንገረኝ እስቲ የኔ ልጅ። አያትህ ምን አሉህ?"

አምሀ ቆየ። ቀኝ እጁን ሊያነሣ ሞከረ፣ አልተነሣለትም። ከዚያ በግራው ጆሮውን ያዘ።

"የኔ ነው… አለ።"